የሥጋው መንገድ፦ በመቱና በኢሉባቦር ከተሞች ስለ ልኳንዳና ምግብ ቤቶች ንጽሕና ቁጥጥር

ለሕዝብ ክፍት በሆነ የፋኩልቲው መድረክ የቀረበ ገለጻ ሙሉ ጽሑፍ



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የከተማ ልኳንዳዎችና ምግብ ቤቶች የንጽሕና ቁጥጥር ነው። ይህ ርእስ ሲነሣ በብዙዎቻችን አእምሮ የሚመጣው ነጭ ጋውን፣ ነጭ ግድግዳ፣ የጤና ምርመራ ካርድና ክብ ማኅተም ነው። እኔ ዛሬ ላቀርብ የምወደው ሐሳብ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ቁጥጥራችን ቤቱን እየጠበቀ ሥጋውን ረስቶታል የሚል ነው። ሥጋ ከበረት ተነሥቶ እስከ ገበታ የሚሄድበት መንገድ አንድ ሲሆን፣ እኛ ግን መንገዱን ቆራርጠን ለየጽሕፈት ቤቱ አከፋፍለነዋል። አደጋው የሚገባው ደግሞ ማንም በማይቆምበት በቁራጮቹ መገናኛ ላይ ነው።

ሕዝባችን የሚጠይቀው ጥያቄ

ኢትዮጵያዊ ስለ ሥጋ ሳይጠይቅ የሚበላ ሕዝብ አይደለም። በመቱም ሆነ በጎሬ፣ በበደሌም ሆነ በያዮ አንድ ሰው ወደ ልኳንዳ ከመግባቱ በፊት በሩን ያያል፤ መስቀል ወይስ ጨረቃ እንደ ተሳለበት ያጣራል። ማን እንዳረደው፣ በማን ስም እንደ ታረደ ያውቃል። ገብቶም ብልቱን ለይቶ ይጠይቃል፤ ሽንጥ፣ ጎድን፣ ሻኛ፣ ታላቅ፣ ታናሽ ይላል። የሥጋውን ቀለም፣ የጮማውን ንጣት ይመረምራል። ቁጥጥር የሚባለው ነገር በሕግ ከመጻፉ በፊት በሕዝቡ ልማድ ውስጥ ነበረ ማለት ነው።

ነገር ግን በዚህ ሁሉ ጥያቄ ውስጥ ሦስት ጥያቄዎች ይጎድላሉ። ይህ ሥጋ የታረደው በስንት ሰዓት ነው? የነካው ቢላዋና እጅ በምን ውኃ ታጠበ? ከመታረዱ በፊት ከብቱ ምን ታሞ፣ ምን መድኃኒት ተወግቶ ነበር? እነዚህ ጥያቄዎች ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ለእኛ ይበልጥ ያስፈልጉናል፤ ምክንያቱም ብዙው የዓለም ሕዝብ ሥጋውን ለእሳት ሰጥቶ እሳቱን የመጨረሻ ተቆጣጣሪ ሲያደርግ፣ እኛ ቁርጥን፣ ጥሬ ክትፎንና ጥሬ ዱለትን እንወዳለን። እሳት በሌለበት ገበታ ላይ ከእሳት በፊት ያለው ጥንቃቄ ሁሉ የመጨረሻው ጥንቃቄ ይሆናል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት መሠረት በየዓመቱ 600 ሚሊዮን ሰዎች በተበከለ ምግብ ምክንያት ይታመማሉ፤ 420,000 ሰዎችም ይሞታሉ። ከሟቾቹ ውስጥ 125,000 የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። ከሕዝብ ብዛት ጋር ሲነጻጸር ከባዱ ሸክም የወደቀው በአፍሪካ አህጉር ላይ ነው። እነዚህ ቁጥሮች ሩቅ መስለው እንዳይታዩን፣ በየጤና ጣቢያችን «ተቅማጥ» ተብለው ከሚመዘገቡት ሕፃናት ውስጥ ምግቡ ከየት እንደ መጣ የሚጠየቀው ስንቱ እንደ ሆነ ራሳችንን እንጠይቅ።

ሕጉ እንዴት እንደ ተከፋፈለ

ሀገራችን በዚህ ረገድ የሕግ ድሃ አይደለችም። የሥጋ ምርመራ አዋጅ ቁጥር 274 የወጣው በ1962 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከጤና መኮንኖችና ከነርሶች ጎን ለጎን የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀምሮ ነበር። በኋላም የሕዝብ ጤና አዋጅ ቁጥር 200/1992፣ የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 661/2002፣ በመጨረሻም የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ተከታትለው ወጥተዋል። ለተቆጣጣሪ ወደ ምግብ ተቋም የመግባት፣ ናሙና የመውሰድ፣ ለጤና የማይስማማውን ምግብ የማገድ ሥልጣን ተሰጥቶታል።

ችግሩ ያለው በአፈጻጸሙ ክፍፍል ነው። ከብቱ በሕይወት እያለ ጉዳዩ የግብርና ነው። ቄራ ሲገባ የእንስሳት ሐኪሙ ይመረምረዋል፤ ቄራው ግን የማዘጋጃ ቤት ነው። ሥጋው ወደ ልኳንዳ ሲደርስ የጤና ጽሕፈት ቤት ተቆጣጣሪ ይረከባል። ፈቃዱን የሚሰጠውና የሚያድሰው የንግድ ጽሕፈት ቤት ነው። ውኃው የውኃ አገልግሎት፣ ደረቅና ፍሳሽ ቆሻሻው እንደ ገና የማዘጋጃ ቤት ነው። እያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት የራሱን ቅጽ ሞልቶ በራሱ መዝገብ ያስቀምጣል። በቄራ የተገኘው የኮሶ ከረጢት ቁጥር ለጤና ባለሙያው አይደርስም፤ በጤና ጣቢያ የተገኘው የኮሶ ሕመምተኛ ቁጥር ለእንስሳት ሐኪሙ አይደርስም። ሁለቱ ግን ስለ አንድ ትል ነው የሚጽፉት።

በእኛው ዩኒቨርሲቲም መልኩ ተመሳሳይ ነው። የጤና ተማሪዎቻችን በመቱ፣ የግብርና ተማሪዎቻችን በበደሌ ይማራሉ። በሥራ ዓለም አንድ ሥጋ የሚጠብቃቸው ሰዎች በትምህርት ዘመናቸው ሳይተዋወቁ ይመረቃሉ።

እስቲ አሁን ሥጋውን ተከትለን እንሂድ።

የመጀመሪያው ምዕራፍ፦ በረትና መስክ

በኢሉባቦር የከብት ሐኪም ሥራ ያለ ገንዲ አይታሰብም። የባሮና የዴዴሳ ተፋሰስ ቆላማ ሥፍራዎች የቆላ ዝንብ መኖሪያ በመሆናቸው ገበሬው ከብቱን ለማትረፍ ዲሚናዚንና አይሶሜታሚዲየም የተባሉትን መድኃኒቶች ያስወጋል። ይህን በማድረጉ የሚወቅሰው የለም፤ ካላስወጋ በሬውን ያጣል። ነገር ግን እነዚህ መድኃኒቶችም ሆኑ እንደ ኦክሲቴትራሳይክሊን ያሉት ፀረ ተዋሲያን ከብቱ ከተወጋ በኋላ በሥጋው፣ በተለይም በጉበቱና በኩላሊቱ ውስጥ ይቆያሉ። ስለዚህ ከመርፌው እስከ ዕርዱ በሳምንታት የሚቆጠር የመታገሻ ጊዜ ተወስኖላቸዋል። የታከመው በሬ ሳይሻለው ሲቀር ግን ባለቤቱ የመጀመሪያ ሐሳቡ «ሳይሞት ልሽጠው» የሚል ነው። በዚያን ጊዜ መድኃኒቱ ገና በሥጋው ውስጥ ነው። ይህን ዓይን አያየውም፤ ቢላዋም አይገልጠውም፤ ምድጃም ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ሊገልጠው የሚችለው ከከብቱ ጋር የሚሄድ አንድ ቁራጭ ወረቀት ብቻ ነው፤ መቼ፣ በምን ታከመ የሚል።

ሁለተኛው የመስክ ጉዳይ አባ ሰንጋ ነው። ድንገት የሞተ ከብት፣ ከአፍንጫውና ከፊንጢጣው ያልረጋ ደም የሚፈስሰው፣ መገፈፍም መከፈትም የለበትም። ሬሳው ሲከፈት ጀርሙ አየር አግኝቶ ወደ ጠንካራ ዘር ይለወጣል፤ ያም ዘር በአፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት መኖር ይችላል። «ከሚባክን» ተብሎ የሚታረድ የታመመ ከብት ሥጋ በርካሽ ዋጋ ለጎረቤት ሲከፋፈል፣ አደጋው የሚያገኘው አስቀድሞ ሥጋ ለመግዛት አቅም ያጣውን ሰው ነው። ስለዚህ ገበሬው ሬሳውን እንዲቀብር ስንጠይቀው ኪሳራውን ብቻውን እንዲሸከም እየጠየቅነው መሆኑን ማወቅ አለብን።

ሦስተኛው ኮሶ ነው። ኮሶን እንደ በሽታ ሳይሆን እንደ ዕድሜ ልክ ጎረቤት የቆጠርነው ሕዝብ ነን፤ አባቶቻችን በየጊዜው የኮሶ አበባ ጠጥተው ያስወርዱት ነበር፤ እኛም በመድኃኒት ቤት ክኒን እንተማመናለን። ትሉ ግን ያለ ሰው መኖር አይችልም። በሰው አንጀት ውስጥ አድጎ ከሰገራ ጋር የሚወጣው አንዱ የትሉ ቁራጭ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎች ይይዛል። ከብቱ ከሣሩ ጋር ይበላቸዋል፤ በጡንቻው ውስጥም ትናንሽ ከረጢቶች ሆነው ይቀመጣሉ፤ እኛም በቁርጥ መልክ መልሰን እንቀበላቸዋለን። እንግዲህ መጸዳጃ ቤት የሌለው መንደር የልኳንዳ ቁጥጥር ጉዳይ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በየቤቱ መጸዳጃ እንዲቆፈር ሲያስተምር፣ ሳይታወቀው የሥጋ ምርመራ ሥራም ይሠራ ነበር።

ሁለተኛው ምዕራፍ፦ ቄራ

ቄራ ባለበት ከተማ ሐኪሙ ከብቱን ከዕርድ በፊት ቆሞ ሲሄድ ያየዋል፤ ከዕርድ በኋላም ሳንባውን፣ ጉበቱን፣ ልቡን፣ ምላሱንና የመንጋጋ ጡንቻውን እየቆረጠ ይመረምራል። የሳንባ ነቀርሳ ዕጢ፣ የጉበት ትል፣ የውኃ ከረጢት፣ የኮሶ ከረጢት ይፈልጋል። ይህ ሥራ የሚተካው የለም፤ ወሰን ግን አለው። ጥቂት ከረጢት ብቻ ያለበት ከብት በጥቂት የቢላዋ ቅዶች ሳይታወቅ ማለፉ በሙያው ዘንድ የታወቀ ነው። ስለሆነም በሥጋው ላይ ያለው ማኅተም «ታየ» ማለት እንጂ «ምንም የለበትም» ማለት አይደለም። ለጥሬ ሥጋ ወዳጆች ይህን ልዩነት መንገር የሙያ ግዴታችን ነው። ሥጋው በመሐሉ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ከሞቀ ወይም ከዜሮ በታች በ10 ዲግሪ ለ10 ቀናት ከቀዘቀዘ ከረጢቶቹ ይሞታሉ።

የጤናማ ከብት ጡንቻ ከውስጥ ሲታይ ከጀርም የነጻ ነው ለማለት ይቻላል። የሚበከለው ከቆዳው፣ ከሆድ ዕቃው፣ ከእጅ፣ ከቢላዋና ከውኃ ነው። ቆዳውን የገፈፈው ቢላዋ ሳይታጠብ ሥጋውን ከነካ፣ አንጀቱ ሲወጣ ከተቀደደ፣ ሥጋው በወለል ላይ ከተጎተተ፣ የተከበረው በሬ በአንድ አፍታ ከበረት እበት ጋር ይገናኛል። በሠለጠነ ቄራ ቢላዋ የሚነከረው 82 ዲግሪ በደረሰ ውኃ ውስጥ ነው። ይህ ትልቅ ፋብሪካ አይጠይቅም፤ የሚፈላ ውኃ፣ ሁለት ቢላዋና አንዱ ሲነከር በሌላው የሚሠራ ሰው ይበቃል።

ከቄራ ውጭ ያለው ዕርድ ደግሞ ሌላ ነው። ለፋሲካ፣ ለገናና ለመስቀል፣ ለአረፋና ለዒድ አልፈጥር በየሰፈሩ ቅርጫ ይታረዳል። ቅርጫ ክፉ ነገር አይደለም፤ ጎረቤት ገንዘቡን አዋጥቶ ሥጋውን በመደብ የሚካፈልበት የኅብረት ሥርዓት ነው። ነገር ግን በግቢ ሲታረድ ከረጢት የያዘው ጉበትና ሳንባ ወዴት ይሄዳል? ለውሻ ይጣላል። ውሻው ከበላው በኋላ በአንጀቱ ውስጥ የሚያድገው ትንሽ ትል እንቁላሉን በግቢው ይበትነዋል፤ በግቢው የሚጫወተውም ሕፃን ነው። ከዓመታት በኋላ በሰው ጉበት ላይ የሚገኘው የውኃ ከረጢት ቀዶ ሕክምና የሚጠይቅ ነው። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ቅጣት አይደለም። የተበላሸውን የሆድ ዕቃ በጥልቅ ጉድጓድ መቅበር ብቻ ሰንሰለቱን ይበጥሰዋል።

ሦስተኛው ምዕራፍ፦ ልኳንዳ

አሁን ተቆጣጣሪያችን ወደሚቆምበት በር ደረስን። ጋውኑን ያያል፤ ግድግዳውን ያያል፤ ካርዱን ያያል። ሁሉም ነጭ ነው። ነገር ግን ሥጋው የተሰቀለው ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው?

ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። ብዙ ተዋሲያን ሙቀቱና ምግቡ ሲመቻቸው በ20 ደቂቃ ውስጥ እጥፍ ይሆናሉ። በመቱ የቀን ሙቀት ዝግ ብለው አንድ ሰዓት ይፈጅባቸዋል ብለን እንውሰድ። ከንጋቱ 12 ሰዓት በአንድ የሥጋ ክፍል ላይ 1,000 ተዋሲያን ቢኖሩ እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት 12 ጊዜ እጥፍ ይሆናሉ፤ ይህም ከ4 ሚሊዮን ይበልጣል። ጠዋት የገዛው ሰውና ማታ የገዛው ሰው ከአንድ ሽንጥ ቆርጠው፣ አንድ ዋጋ ከፍለው፣ የገዙት ግን ሁለት የተለያየ ነገር ነው። እውነት ነው፣ የሥጋው ገጽ ሲደርቅ ዕድገቱ ይዘገያል፤ በደረቅ አየር የተሰቀለ ሥጋ ቋንጣ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። የእኛ አካባቢ ግን በሀገሪቱ ዝናብ ከሚበዛባቸው አንዱ ነው። በክረምት እርጥብ አየር ሥጋ በቶሎ አይደርቅም። ስለዚህ በደጋማና ደረቅ ከተማ የተጻፈ መመሪያ ለመቱና ለጎሬ ሐምሌ እንዳለ ሊገለበጥ አይገባም።

ከሰዓት ቀጥሎ ውኃ ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ሶርን የመሰለ ወንዝ፣ ፏፏቴና የኃይል ማመንጫ ባለው አካባቢ እየኖርን፣ በየከተሞቻችን የቧንቧ ውኃ የሚቋረጥበት ቀን ሲመጣ ቢላዋውም፣ መክተፊያ ግንዱም፣ እጁም በአንድ ባልዲ ውኃ ሲታጠብ ይውላል። በዚያ ባልዲ ውስጥ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ያለው ነገር ውኃ ሳይሆን ቀጭን መረቅ ነው፤ መታጠቡም ማጽዳት መሆኑ ቀርቶ ማዳረስ ይሆናል። ታዲያ ባለ ልኳንዳውን ምን እንበለው? ስፋቱ 40 ካሬ ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ጣራ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድበት 60,000 ሊትር ውኃ ይቀበላል፤ አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ 48,000 ሊትር ይተርፋል። አሸንዳና ክዳን ያለው በርሜል ወለልን፣ ግድግዳንና መሣሪያን ለማጠብ ይበቃል። ለእጅ ደግሞ ከታች ቧንቧ የተገጠመለት ክዳን ያለው ጀሪካንና ሳሙና፤ እጅ በሚፈስስ እንጂ በተጠራቀመ ውኃ እንዳይታጠብ። በረኪናም የሚሠራው ጮማው በሳሙናና በሙቅ ውኃ ከተወገደ በኋላ ነው፤ በጮማ ላይ የሚፈስስ በረኪና ኃይሉ በከንቱ ያልቃል።

ሦስተኛው እጅ ነው። ሥጋ የሚቆርጠው እጅ ብር እየተቀበለ መልስ ከሰጠ፣ በከተማው የዞረው ገንዘብ ሁሉ በሥጋው ላይ አለፈ ማለት ነው። ቆራጩና ገንዘብ ተቀባዩ ይለያዩ። ሠራተኛው አንድ ብቻ ከሆነ ገንዘቡን በግራ እጁ ብቻ ይያዝ፤ ወይም ደንበኛው ራሱ በሣጥን ያስቀምጥ።

አራተኛው ምዕራፍ፦ ማዕድ ቤት

በምግብ ቤት ጥሬና የበሰለ ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ አደጋውም የሚያልፈው ከጥሬው ወደ በሰለው ነው። ጥሬ ሥጋ የተከተፈበት ጣውላ ላይ ሰላጣ ሲከተፍ፣ የተጠበሰው ሥጋ ጥሬው በመጣበት ሳህን ሲመለስ፣ ለብ ብሎ የዋለ ወጥ «ሞቅ» ተደርጎ ሲቀርብ። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ አምስት ቀላል መመሪያዎች አሉት፤ ንጽሕናን መጠበቅ፣ ጥሬውን ከበሰለው መለየት፣ አብስሎ ማብሰል፣ ምግብን በተገቢው ሙቀት ማቆየት፣ ንጹሕ ውኃና ጥሬ ዕቃ መጠቀም። በቁጥር ሲገለጽ፣ የበሰለ ምግብ መሐሉ 70 ዲግሪ ይድረስ፤ ከበሰለ በኋላ በክፍሉ ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ወይ ከ60 በላይ ወይ ከ5 ዲግሪ በታች ይሁን። በግቢያችን ዙሪያ በሚገኙ ትናንሽ ቤቶች የምትመገቡ ተማሪዎች፣ ዋጋው ስንት ነው ከማለት ጋር ወጡ መቼ ተሠራ ብላችሁ ብትጠይቁ ጨዋነት እንጂ ነውር አይደለም።

ስለ ጤና ምርመራ ካርዱም አንድ ቃል። የሰገራ ምርመራ የሚነግረን የዚያን ቀን ሁኔታ ብቻ ነው። ካርዱ ለወራት ሲያገለግል ሠራተኛው በማግስቱ ሊታመም ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች በ1989 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሰነድ የምግብ ሠራተኞችን በየጊዜው በላቦራቶሪ መመርመር ብቻውን በሽታን እንደማይከላከል ደምድመዋል። ከካርዱ የሚበልጠው «ተቅማጥ ይዞኛል» ያለች ሠራተኛ ደመወዟ ሳይቆረጥ ሁለትና ሦስት ቀን ማረፍ መቻሏ ነው። ይህ የሌለበት ቤት ካርዱ በግድግዳው ላይ ቢደረደርም በሽታ ይሸጣል።

ተቆጣጣሪው ማን ነው?

እዚህ ላይ ነገሩ ይከብዳል፤ ከእናንተም ብዙዎቻችሁን የሚጠብቀው ይህ ስለ ሆነ በግልጽ ልናገር። በትንሽ ከተማ ተቆጣጣሪው ከባለ ልኳንዳው ጋር በአንድ ዕድር ውስጥ ነው። ባለፈው ወር ለቅሶ የደረሰው፣ በሚቀጥለው ወር ሠርግ የሚጠራው ሰው ነው። ቤቱን ቢያሽግ የአንድ ቤተሰብ እንጀራ ይዘጋል፤ ባያሽግ የማያውቀው ሕፃን ይታመማል። የሚታየው ጉዳት የጎረቤቱ ስለ ሆነ፣ የማይታየው ጉዳት ሁልጊዜ ይሸነፋል። በዚህም ላይ ሥልጣኑ ማሸግና ዝም ማለት ብቻ ሲሆን በመካከሉ ሦስተኛ መንገድ ይበቅላል፤ ሁላችንም ስሙን እናውቀዋለን።

ማሸግም የራሱ መዘዝ አለው። ፈቃድ ያለው ልኳንዳ ሲዘጋ የሰው የሥጋ ፍላጎት አይዘጋም፤ ከጓሮ ወደሚታረደውና ማኅተም ወደማያውቀው ሥጋ ይዞራል። ስለዚህ ማሸግ ለአጣዳፊ አደጋ መቀመጥ አለበት። ለሌላው ጉድለት መድኃኒቱ ይፋ ማድረግ ነው ብዬ አምናለሁ። የሎስ አንጀለስ አውራጃ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምግብ ቤቶች የቁጥጥር ውጤታቸውን በፊደል በበራቸው ላይ እንዲለጥፉ አድርጓል። ዴንማርክ ደግሞ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፈገግታ ምስል ያለበትን የቁጥጥር ሪፖርት ደንበኛ በሚያየው ቦታ እንዲሰቀል አስገድዳለች። በሁለቱም ሥፍራ የተቆጣጣሪው ዕውቀት ከመሳቢያ ወጥቶ የበላተኛው ሆነ።

ለእኛ ከተሞች ይህን ማድረግ አንድ ባለ ቀለም ወረቀት ብቻ ይጠይቃል። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። በላዩም ሦስት መስመር፤ ሥጋው የታረደበት ቀንና ሰዓት፣ የእጅና የቢላዋ መታጠቢያ ውኃ አለ ወይስ የለም፣ የመጨረሻው ጉብኝት ቀን። በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይጻፍ። የመጀመሪያውን መስመር በየጠዋቱ ባለቤቱ ራሱ ይሙላ። ሐሰት የጻፈ እንደሆነ ከቄራው መዝገብ ጋር ማመሳከር ቀላል ነው። በዚህ አሠራር ተቆጣጣሪው ጎረቤቱን የሚያሳጣ ሰው መሆኑ ይቀርና ቢጫውን ወደ አረንጓዴ ለመለወጥ የሚመክር ሰው ይሆናል። ያለ ጥፋቱ የተወቀሰ ባለቤትም በሳምንት ውስጥ እንደ ገና እንዲታይለት የመጠየቅ መብት ይኑረው።

ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። አንደኛው «ይህ ሁሉ ዋጋ ይጨምራል፤ ሥጋ አስቀድሞም ከድሃ ገበታ ርቋል» የሚል ነው። ተገቢ ስጋት ነው። ነገር ግን የጠየቅኋቸው ነገሮች ጀሪካን፣ ሳሙና፣ የሚፈላ ውኃ፣ ሁለተኛ ቢላዋና ወረቀት ናቸው። ግድግዳን በሙሉ በሸክላ ማልበስ ከእነዚህ ሁሉ በላይ ያስወጣል፤ እርሱን ግን ስንጠይቅ ኖረናል። ትንሹ ነጋዴ ገንዘቡን ለሸክላ ካወጣ በኋላ ለውኃ በርሜል ባይተርፈው ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለም፤ የቅጹም ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ «ተቆጣጣሪው ጥቂት ነው፤ መኪናም የለውም» የሚል ነው። ይህም እውነት ነው። እንግዲያው ጥቂቱን ጉብኝት በትክክለኛው ሰዓት እናውለው። ዕርድ በሌሊትና በንጋት ሲፈጸም ጉብኝቱ ከረፋዱ 4 ሰዓት መሆን የለበትም። ዐቢይ ጾም ሲፈታ የዓመቱ ትልቁ ዕርድ በአንድ ሌሊት ይፈጸማል፤ ያች ሌሊት ደግሞ የመንግሥት ሥራ ዝግ የሆነባት ሌሊት ናት። በዓመት ሃምሳ ተራ ጉብኝት ከሚደረግ የፋሲካ ዋዜማ፣ የአረፋና የመስቀል ጉብኝት በሚገባ ቢደረግ እመርጣለሁ።

ከፋኩልቲው ምን ይጠበቃል?

ለፋኩልቲያችን ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የመቱ የጤና ተማሪና የበደሌ የግብርና ተማሪ ቢያንስ አንድ የተግባር ልምምድ በጋራ ይኑራቸው፤ አንድን በሬ ከገበያ እስከ ክትፎ ሳህን ተከትለው አንድ ሪፖርት በሁለት ስም ይጻፉ። ሁለተኛ፣ የቄራው የምርመራ መዝገብና የጤና ጣቢያው መዝገብ በየሦስት ወሩ በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚነበቡበትን ሥርዓት ከጽሕፈት ቤቶቹ ጋር እናቋቁም። ለዚህ አዲስ በጀት አያሻም፤ አንድ ክፍልና አንድ ቀጠሮ ይበቃል። ሦስተኛ፣ የመመረቂያ ጽሑፎቻችን «የሠራተኞች ዕውቀት፣ አመለካከትና ልምድ» ከሚለው የተለመደ መጠይቅ ወጥተው ሰዓትን፣ ሙቀትንና ውኃን ወደ መለካት ይሻገሩ። ሰው ለመጠይቅ የሚመልሰው ማድረግ የሚገባውን ነው፤ ቴርሞሜትር ግን የሆነውን ብቻ ይናገራል።

ለባለ ልኳንዳዎች የምለው ይህ ነው። በዚህ ከተማ ከእናንተ በላይ ሥጋ የሚያውቅ የለም። ከብቱን ገና በገበያ ስታዩት ትመዝኑታላችሁ፤ በዳበሳ ጮማውን ታውቃላችሁ። ያ ዕውቀት የእኛን ቅጽ ሊያርመው ይገባል። ቅጹ ሲከለስ ከጠረጴዛው ማዶ ሳይሆን ከዚሁ ከእኛ ጎን እንድትቀመጡ እጠይቃለሁ።

ለተማሪዎቻችን ደግሞ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንዳችሁ በሁሩሙ፣ አንዳችሁ በቡሬ፣ ሌላችሁ በበደሌ ቅጽ ይዛችሁ በአንድ ልኳንዳ በር ላይ ትቆማላችሁ። ግድግዳውን ከማየታችሁ በፊት ባለቤቱን በአክብሮት ሰላም በሉና «ይህ በሬ ከየት መጣ? መቼ ታረደ? ውኃችሁስ የት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ወዴት እንደሚወስዳችሁ ተከተሉ፤ ወደ ቄራው፣ ወደ ገበያው፣ አንዳንዴም ወደ ገበሬው ደጅ ይወስዳችኋል። ቅጹ ላይ ቦታ ከሌለው በጀርባው ጻፉት።

 ጥያቄና አስተያየት ለመቀበል ዝግጁ ነኝ፤ ከተቻለ የመጀመሪያው ጥያቄ ከልኳንዳ ባለቤቶቹ ወገን ቢመጣ ደስ ይለኛል።